የኮዳ ውሃ

የኅዳር ዝናብ ቀረ። ጥር አልፎ የካቲት ሲገባ ኢስትሊ ሠፈር ቧንቧ ማለት ግድግዳ ላይ የተረሳ ብረት ሆነ። ውሃ የሚመጣው በእጅ ጋሪ ነው፤ ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረው፣ ገፊው በላብ ተጠምቆ። ጋሪ ገፊ ደረጃ አይወጣም። ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ራሱ ይሸከማል። አቧራው በመዝጊያ ሥር እየሾለከ ሱቅ ውስጥ በታጠፈ ጨርቅ ላይ ይተኛል። ገዢ ጠፋ። ከኑሬ ሱቅ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ተዘጉ። የሠፈሩ ሕፃናት በተቅማጥ ታመሙ፤ የምድር ቤቷ ሴትዮ ጨቅላዋን ቀበረች። ረመዳን የገባው በዚህ መሀል ነው።

ኑሬ አላማረረም። ስልሳን የተሻገረ፣ ደረቅ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ሱቁ ውስጥ ሲቀመጥ ከዓይኑ የሚያመልጥ የለም፤ ገዢ ጨርቅ ሲዳብስ ሊገዛ ይሁን ሊሄድ ከጣቶቹ ያውቃል። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ናት፣ በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለች። ከመጋረጃው ወዲያ የልጁ ልጅ ሰዲቃ ትተኛለች። እናቷ ስትወልዳት ሞታለች። አባቷ ደቡብ አፍሪካ ብሎ ወጥቶ ወሬው ጠፍቷል። ለኑሬ ከሰው የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ባለፈው ረመዳን ትከሻው ድረስ ነበረች፤ አሁን ቆመው ሲነጋገሩ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። የትምህርት ቤት ቀሚሷ ጫፉ ሁለት ጊዜ ተፈቶ ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል። እና ትሮጣለች። ስትሮጥ ያየ ሰው ወሬውን አቋርጦ ያያል። የሚያሠለጥናት ጫላ የሚባል የአርሲ ልጅ ነው፤ ራሱ ሯጭ ነበር፣ ጉልበቱ ከድቶት ነው አሠልጣኝ የሆነው። ከዒድ በኋላ የሯጮች ምርጫ አለ። ያለፈ ልጅ ኤልዶሬት አካባቢ አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባል፤ ይበላል፣ ይማራል፣ ይሮጣል።

የረመዳን አጋማሽ ላይ ጫላ ልጆቹን ኳስ ሜዳው ደረጃ ላይ ወሰዳቸው። ቁጢጥ ብሎ እንደ እንቁራሪት እየዘለሉ መውጣት፣ እየዘለሉ መውረድ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሲሚንቶው ይፋጃል። «ጾመኛ እጁን ያውጣና ጥላ ይያዝ» ብሎ ነበር። ሰዲቃ እጇን አላወጣችም። ይህን ኑሬ የሰማው በኋላ ነው።

በዚያን ቀን ማታ ለማፍጠር ስትመጣ ደረጃውን ብረቱን ይዛ እየተሳበች ወጣች። ኑሬ በር ላይ ቆሞ አያት።

«ምን ሆነሻል?»

«ምንም አባባ። ማስል ነው፣ ጡንቻ። ኖርማል ነው።»

በማግስቱ ባሰባት። በሦስተኛው ቀን ይለቃታል ሲባል ጭኗ አበጠ። ኑሬ ለጫላ ደወለ።

«አባባ ኑሬ፣ አያስቡ» አለው ጫላ። «ልጅቷ እያደገች ነው። አጥንቷ ቀድሞ ረዘመ፣ ጡንቻዋ እየተሳበ ነው። እኔም በእሷ ዕድሜ እናቴ ዱላ ይዛ ነበር ከአልጋ የምታስነሳኝ። ሁለት ቀን ትረፍና ትምጣ። ምርጫው እኮ ደረሰ!»

እያደገች ነው። ሁሉም ያለው ይህንኑ ነው። ኑሬም አመነ፤ ቁመቷን ያየ ሁሉ ያምናል።

ለንጋት ስግደት ሰዲቃ ሁልጊዜ ከኋላው ትቆማለች። በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ዞር ሲል ምንጣፏ ተጠቅልሎ እንደተቀመጠ ነው። ሊጠራት አፉን ከፈተና ዘጋው። ሴት ልጅ በረመዳን መስገድ ያቆመችበትን ምክንያት ወንድ አይጠይቅም። ደርሳለች ማለት ነው። ገባው፤ እንደገባውም ዓይኑን መለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ ሳይገባ በር ላይ ይስላል። ወደ መጋረጃው አይመለከትም። ሁሉን የሚያየው ሰውዬ አንድ ነገር ላለማየት ቆረጠ፤ ጨዋነቱ ነው።

ጎረቤቷ መስቱራ ሳምቡሳ በሳህን ይዛ መጣች። ባል የሞተባት፣ ሳቅ የማይለያት ሴት ናት፤ ሰዲቃ የሴት ነገር ሲኖራት የምትሮጠው ወደ እሷ ነው።

«አባባ ኑሬ፣ ሰዲቃን ለጥቂት ቀን ለእኔ ተዉልኝ» አለች ወለሉን እያየች።

«እሺ» አለ ኑሬ ግድግዳውን እያየ።

«እግሯንም በዘይት አሽላታለሁ። ወገብና እግር መቆርጠም ያለ ነው። እኔንም እንዲሁ ያደርገኝ ነበር።»

«እሺ አልኩሽ እኮ።»

መስቱራ አሸቻት። ሰዲቃ ትራሷን ነክሳ አልቅሳለች፤ ኑሬ ከመጋረጃው ወዲህ ሰምቶ ጣቱን ይቆጥራል፣ ዚክር ያደርጋል። መጾም የለባትም፤ ያን መስቱራ ነግራታለች። ግን ልጅቷ በአያቷ ፊት ብርጭቆ ማንሳት አፈረች። ሴት ልጅ ጾም ስትፈታ ማንም አያያትም፤ ተደብቃ ነው የምትበላ። በአንድ ክፍል ውስጥ ደግሞ መደበቂያ የለም። በዚያ ላይ ውሃው አራት ፎቅ በሸክም የወጣ ነው፤ የወጣው ደግሞ በሽማግሌ ትከሻ። ስለዚህ ዝም ብላ ጾመች። ሳይጾሙ መጾም። ኑሬም የጾመች መስላ ስትቀመጥ እያየ ያላየ ሆነ።

እሁድ ጠዋት ዓለምሰገድ መጣ።

ዓለምሰገድ ኪሊማኒ ሠፈር ምግብ ቤት አለው። ክርስቲያን ነው። ኑሬ እሁድ እሁድ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ይሄድና ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ሥጋውን እንደማይበላለት የታወቀ ነው፤ በዚያ ላይ ወሬ የለም። ነገር ግን ኑሬ በመጣ ቁጥር ዓለምሰገድ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሞልቶ ፊቱ ያኖራል፣ ኑሬ በአንድ ጣቱ ገፋ ያደርገዋል።

«ጠጣ እንጂ።»

«ከጠጣሁ ተላቀቅን ትላለህ።»

«እላለሁ!»

«እንግዲያው አልጠጣም። ባለዕዳዬ ሆነህ ኑር።»

አስተናጋጆቹ ይስቃሉ። ዓለምሰገድም ይስቃል፤ ግን ብርጭቆውን ሲያነሳ ፊቱ አይስቅም። ሠላሳ ዓመት አልፎታል ይህ ነገር።

ነገሩ ሠራዊቱ በተበተነ ጊዜ ነው። ሁለቱም ወታደር ነበሩ። ሞያሌን ተሻግረው ከብዙዎች ጋር ወደ ደቡብ ሲሄዱ መኪና አጥተው ዲዳ ገልጋሉ ሜዳ ላይ በእግራቸው ቀሩ። ጥቁር ድንጋይ፣ አሸዋና ነፋስ ብቻ ነው ያለው። ዓለምሰገድ ከሁሉ ጠንካራው ነበር፤ የሌላውንም ሻንጣ ይሸከማል። ድንገት ጭኑ እንጨት ሆነ። ለመሽናት ኑሬን ተደግፎ ቆመ፣ አሸዋው ላይ የወረደው የቡና አተላ ይመስል ነበር። ከዚያ ወደቀ። ሰው በላዩ ተራምዶ አለፈ። የኑሬ ኮዳ ውስጥ ግማሽ የሚሆን ውሃ ቀርቷል። ከንፈሩን ላርጥብለት ብሎ አስጠጋለት። ዓለምሰገድ በሁለት እጁ ይዞ እስከ ጠብታው ጨለጠው። ኑሬ ምንም አላለም። ጭነት መኪና እስኪያገኛቸው ድረስ ምላሱ አብጦ፣ ሰውየውን ደግፎ ሄደ። ዓለምሰገድን ያቃጠለው መጠጣቱ አይደለም። አለማስቀረቱ ነው።

አሁን የተምር ካርቶን ይዞ በር ላይ ቆሟል፤ አራት ፎቅ ወጥቶ ትንፋሹ ተቆራርጧል።

«ባለፈው እሁድ ቀረህ። ሞተ ብዬ ነው የመጣሁ።»

«አልሞትኩም። ግባ።»

ዓለምሰገድ ገና ሳይቀመጥ ሰዲቃ ከመጋረጃው ወጣች። መጸዳጃ ቤቱ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው። ግድግዳውን ይዛ፣ ጉልበቷን ሳታጥፍ፣ አንዱን እግሯን እንደ ምሰሶ እየገፋች ሄደች። ኑሬ ወደ መስኮቱ ዞረ። ዓለምሰገድ ግን አየ። ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ይህች ልጅ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የምትሄደው?»

«ስፖርት ነው። እያደገች ነው።»

«ሰዲቃ!» አለ ዓለምሰገድ ጮክ ብሎ። ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። «ልጄ፣ ሽንትሽ ምን ይመስላል?»

የልጅቷ ፊት ደም ለበሰ። ኑሬ ከመስኮቱ ዞረ።

«ምን አልክ?»

«ቀለሙን ነው የጠየቅኋት።»

«በቤቴ? በረመዳን? እናት የሌላትን ልጅ?»

«ኑሬ፣ ስማኝ...»

«ውጣ!»

«ቀለሙን ብቻ...»

«ውጣልኝ! ያን ጊዜ ነበር ጥዬህ መሄድ!»

ይህን ቃል በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ተናግሮት አያውቅም። ዓለምሰገድ ወጣ። በሩ በላዩ ተዘጋ። ግን የእግሩ ኮቴ ደረጃውን ሲወርድ አልተሰማም። ከደጅ ድምፁ መጣ፤ ዝግ ያለ፣ ልመና የመሰለ።

«ያን ጊዜ ሱሪዬን የያዝክልኝ አንተ ነህ። አሸዋው ላይ ያየኸውን አስታውስ። እኔም እንዲህ ነበር የምሄደው። ይኸው ደረጃው ላይ ቁጭ ብያለሁ። ብትፈልግ ፖሊስ ጥራ።»

ኑሬ ቆመ። ጥቁሩን ድንጋይ አየው። አሸዋው ላይ የቀረውን እድፍ አየው። ከዚያ የተጠቀለለው ምንጣፍ ላይ ዓይኑ አረፈ፤ ቆጠረ። ሴት በዚህ ምክንያት የምትቀመጠው ስንት ቀን ነው? የሚያውቀው ከሟች ሚስቱ ነው። እግሯ የታመመው ከዚያ በፊት ነው። በፊት ነው! እግሯ ቀድሞ፣ ምንጣፉ በኋላ። ይህን ሱቁ ውስጥ ቢሆን በአንድ እይታ ያየው ነበር።

በሩን ከፍቶ፣ ዓለምሰገድን በደረጃው ላይ አልፎ፣ ኮሪደሩ ጫፍ ደረሰ። የመጸዳጃ ቤቱ በር ተዘግቷል። ሊስል ፈለገና ተወው።

«ሰዲቃ።»

በሩን በጣቱ መታ።

«ሰዲቃ፣ እኔ ነኝ። ያፈርሽውን አፍሬዋለሁ፣ ይበቃል። ደም ነው ወይስ ሽንት ነው?»

ከውስጥ ለቅሶ ተሰማ።

«አላውቅም አባባ። ልብሴ ላይ የለም። ስሸና ብቻ ነው። እንደ ኮካ ነው። መስቱራ ስትጠይቀኝ ቀይ ነው አልኳት፣ እሷ ደረስሽ አለችኝ... ዛሬ ደግሞ ቁጭ ብዬ ምንም አልመጣም። መነሳትም አቃተኝ።»

ኑሬ በሩን በትከሻው ገፋው።

ሊሸከማት ሞክሮ አልቻለም። ዓለምሰገድ ከቤት ነጩን የፕላስቲክ ወንበር አመጣ። አስቀመጧት። አንዱ ከፊት እግሮቹን፣ አንዱ ከኋላ መደገፊያውን ይዘው ደረጃውን ጀመሩ። ሁለት ሽማግሌዎች። በየፎቁ ጀሪካን የያዙ ሴቶች ግድግዳው ላይ እየተለጠፉ ያሳልፏቸዋል። መስቱራ ነገሩን ስትሰማ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ተከተለች፤ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» ከማለት ሌላ ቃል አልነበራትም።

«አባባ፣ እንዳትጥሉኝ።»

«ዝም በይ። ወንበሩ የመስጊድ ነው፣ እሱን ነው የፈራሁት።»

ሰዲቃ ልትስቅ ብላ ጮኸች። ጭኗ የደረጃውን ብረት ነክቶ ነበር።

የዓለምሰገድ መኪና ውስጥ ገቡ። መንገዱ ዝግ ነው፤ ማታቱው፣ ጋሪው፣ ሰዉ። ዓለምሰገድ ጥሩንባውን ይዞ አለቀቀም። በግራ እጁ ከወንበሩ ሥር የታሸገ ውሃ አውጥቶ ወደ ኋላ አቀበለ። ሰዲቃ ተቀብላ ክዳኑን ፈታች፤ ከዚያ አያቷን አየችና ጠርሙሱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ያን ጊዜ ነው የኑሬ ልብ የተሰበረው።

«ጠጪ» አለ።

«አባባ፣ ጾም...»

«ጠጪ። በፊቴ ጠጪ። እያየሁሽ ነው፣ ጠጪ።»

ከንፈሯ ተሰንጥቋል። ጠጣች። ዓይኑን ከእሷ ላይ አላነሳም።

ሆስፒታል የተቀበለቻቸው ሐኪም ወጣት ሴት ናት። የሰዲቃን እግር ነካች፣ ደም ወሰደች፣ በስዋሂሊ ቀስ ብላ ነገረቻቸው። ጡንቻዋ ከልክ በላይ ሠርቶ ፈርሷል፤ ፍርስራሹ ደሟ ውስጥ ገብቶ ኩላሊቷን ዘግቶታል። መታሸቱም አልጠቀማትም። አሁን በሁለቱም ክንዷ ውሃ እንለቅባታለን። ኩላሊቷ ከተከፈተ ሽንት ይመጣል፣ ይጠራል። ካልመጣ ደሟን የሚያጥብ ማሽን ነው። ማሽኑም...

«ማሽኑም ምን?» አለ ኑሬ።

«እንጠብቅ» አለች።

አልጋዋ ሥር ሽንት የሚቀበል ግልጽ ላስቲክ ከረጢት ተንጠልጥሏል። ባዶ ነው። ኑሬ ከፊቱ ተቀመጠ። ቀትር ሆነ፣ ከረጢቱ ባዶ ነው። ሁለት ላስቲክ ሙሉ ውሃ ወደ ልጅቷ ገብቶ አለቀ፣ ሌላ ተሰቀለ፤ ከታች ግን ጠብ የሚል የለም። ፊቷ አበጠ። ትንፋሿ አጠረ።

«ኮች ምን ይለኛል?» አለች አንዴ ዓይኗን ገልጣ። «ትራያልስ አለብኝ፣ ምርጫው።»

«ይጠብቅሻል።»

«አይጠብቁም እኮ አባባ።»

ኑሬ አንሶላዋን አስተካከለላት። ከዚያ አንቀላፋች፤ እንቅልፉ ከበዳት። ነርሷ መጥታ ከረጢቱን አየች፣ ጻፈች፣ ሄደች። ኑሬ ሊነግሩት ያልፈለጉትን ከአረማመዷ አወቀ። ጫላ ደወለ፤ ኑሬ ነገረው። መስቱራ ኮሪደር ላይ ተቀምጣ ትወዛወዛለች። ኑሬ ዱዓ ሊያደርግ እጁን ዘረጋ። «ያ ረብ፣ ዓይኔን የመለስኩት ላንተ ብዬ ነበር» ብቻ አለ፤ ደግሞም ደነገጠ፣ እጁን አጠፈ።

ፀሐይ ስትጠልቅ የመግሪብ አዛን በመስቱራ ስልክ ተሰማ። ዓለምሰገድ ሱቅ ወርዶ የገዛውን ውሃ ይዞ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ሰዓቱ ደርሷል። አፍጥር።»

ኑሬ በአንድ ጣቱ ጠርሙሱን ገፋ አደረገው። የለመደው እጁ ነው ያደረገው። ሁለቱንም አላሳቃቸውም።

«ለዕዳው አይደለም ያመጣሁት» አለ ዓለምሰገድ። «ዕዳው ይቅር። በቃ፣ እስክሞት ባለዕዳህ ነኝ። ጠጣ ብቻ።»

«እሷ ጠብታ ሳይወጣት እኔ ልዋጥ? አይወርድልኝም።»

«ከንፈርህን እየው እስቲ። እንደዚያን ጊዜ ሆኗል።»

«አልኩህ እኮ።»

ዓለምሰገድ ጠርሙሱን ይዞ ተቀመጠ። ዓይናቸው አንድ ላይ ከረጢቱ ላይ ነው። የመስኮቱ ብርሃን ቢጫ ሆነ፣ ግራጫ ሆነ። መብራት በራ።

መጀመሪያ ያየው ኑሬ ነው። በቀጭኑ ቱቦ ውስጥ አንድ ጥቁር ክር ወረደ። ቆመ። ደግሞ ወረደ። ከረጢቱ ሥር እንደ ቡና አተላ የመሰለ ነገር ተጠራቀመ። ኑሬ ተነሳ፤ አልጋውን ያዘ።

«ሲስተር!» አለ ዓለምሰገድ። «ሲስተር!»

ነርሷ መጣች፤ ሐኪሟ ተከተለች። ጎንበስ ብላ አየች። ጥቁሩ ላይ የሚወርደው እየሳሳ ነበር፤ ጠቆር ያለ ሻይ፣ ከዚያ ሻይ። ሐኪሟ ቱቦውን በጣቷ መታ መታ አደረገችና ቀና አለች።

«እየሠራ ነው» አለች። «ገና ብዙ ቀን ትተኛለች። መሮጡን አላውቅም፤ አሁን አትጠይቁኝ። ኩላሊቷ ግን እየሠራ ነው።»

ሰዲቃ በእንቅልፏ ውስጥ ተነፈሰች። ኑሬ ወንበሩ ላይ ተመለሰ። ከዚያ ሳይዞር እጁን ወደ ዓለምሰገድ ዘረጋ።

ዓለምሰገድ ክዳኑን ፈታ። አቀበለው። ኑሬ ቢስሚላህ ብሎ ጠርሙሱን በሁለት እጁ ያዘ። ጠጣ። ጉሮሮው ሲወጣና ሲወርድ ይታያል። አላቋረጠም፣ ለትንፋሽም አልቆመም። ጨርሶ ጠርሙሱን ገልብጦ አየው፤ ከአፉ ጠብ ያለ ነገር የለም።

«ጠብታ እንኳ አላስቀረህልኝ» አለ ዓለምሰገድ።

«አንተስ አስቀርተህልኝ ነበር?»

የዓለምሰገድ ፊት ተጨማደደ። ባዶውን ጠርሙስ ከኑሬ እጅ ወሰደ፣ ክዳኑን አጥብቆ ገጠመ፣ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።